ብረቱ የሚያርፍበት

ተማሪ ለመምህር ስም ሲያወጣ ብዙ አይሳሳትም። ታላቅ ወንድሟን «ከዚያስ» ይሉት ነበር፤ እሷን ደግሞ ገና ወንበሩ ሳይሞቃት «ገጽ ስንት» አሏት። ሁለቱም የአንድ እናት ልጆች፣ ሁለቱም የፊዚክስ አስተማሪዎች ናቸው። እሱ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ሞተ። እሷ ክፍሉንም፣ ተማሪዎቹንም፣ አንድ ልጁንም ወረሰች።

ስሙ ያለ ነገር አልወጣለትም። መማሪያ መጽሐፉ ነገሩን ጨርሶ አራት ነጥብ ባሳረፈበት ቦታ ላይ እሱ ጠመኔውን ኪሱ ይከትና፣ እጁን አጣምሮ «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላል። ተማሪው መልስ አጥቶ ዓይኑ ሲቁለጨለጭ ማየት ደስታው ነበር። ደወል ሲደወል ጥያቄውን እንደተንጠለጠለ ትቶት ይወጣል፤ በማግስቱ ሌላ ይዞ ይመጣል። የወደዱት ነፍሳቸውን ይሰጡለት ነበር፤ ፈተና የወደቁት ደግሞ ስሙ ሲነሣ ጥርሳቸውን ይነክሳሉ።

እሷ ይህን ጠባዩን ከልጅነቷ ጀምሮ አትወደውም። ቤት ውስጥ መብራት ሲጠፋ እሷ ሻማ ፍለጋ ስትደናበር፣ እሱ ጨለማው ውስጥ ቁጭ ብሎ ብርሃኑ የት እንደሄደ ይጠይቃት ነበር። ካደጉ በኋላም ጠባቸው ይኸው ሆነ።

«ወንድም ጋሼ፣ ልጆቹ የሚፈተኑት እኮ ከመጽሐፉ ነው» ትለዋለች።

«መጽሐፉ በር ነው። በር ላይ ቆሞ የሚቀር ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አንተ ደግሞ በሩን ታሳልፋቸውና ሜዳ ላይ በትነሃቸው ቤትህ ትገባለህ።»

ይስቃል። ሲስቅ ደግሞ የባሰ ደሟ ይፈላል። ክርክሩ ሳይቋጭ ታመመ፤ ሳይቋጭ ተቀበረ። ከዚያ ወዲህ ሳህን ስታጥብም፣ መንገድ ስትሄድም በልቧ ስትከራከረው ትውላለች፤ እሱ ግን መልስ አይሰጥም፣ ድሮም አይሰጥ።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጉንፋን የማይለቀው ሰው ነው። ሥራ የጀመረች ዕለት አፍንጫውን እያበሰ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገላት።

«ከዚህ እስከዚህ» አለ፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ገጽ በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ። «አንድ መስመር እንዳታልፊ፣ አንድ መስመር እንዳትጨምሪ። የወንድምሽ ተማሪዎች ስለ ከዋክብት ሊያወሩሽ ይችላሉ፤ ፈተና ላይ ሲደርሱ ግን ጭጭ ነው። ይኼን ሴሚስተር አይተን ነው እንግዲህ የምንቀጥርሽ።»

«እኔም የማምነው ይኼንኑ ነው» አለችው። ሊሰማ የሚፈልገውን ለመንገር ብላ አይደለም፤ እውነቷን ነበር።

የምታስተምርበት አዳራሽ የኮሌጁ አሮጌ አዳራሽ ነው። ወንበሮቹ ደረጃ በደረጃ ወደ ኋላ እየወጡ ይሄዳሉ፤ በስተግራ ረጃጅም መስኮቶች ያሉት የድንጋይ ግድግዳ አለ፤ ከመስኮቶቹ በስተጀርባ የጭነት መኪና የሚያልፍበት መንገድ። ከጣሪያው ትልቁ አግዳሚ እንጨት ላይ፣ ከፊተኛው ወንበር ራስ በላይ ማለት ይቻላል፣ በቀጭን ሽቦ የሕፃን ራስ የሚያክል የብረት ሉል ተንጠልጥሏል። ተማሪዎቹ «ብረቱ» ይሉታል። ከብረቱ ሥር ወለሉ ላይ አንድ የናስ ምስማር ተመቷል፤ መወዛወዙ ሲያልቅ ብረቱ የሚያርፍበትን ቦታ እንዲያሳይ የተመታ ነው።

የፔንዱለሙ ምዕራፍ የደረሰ ዕለት ገጹን ከፍታ አነበበች። «የተንጠለጠለ አካል ሲወዛወዝ ቆይቶ በሰበቃ ምክንያት ይደክማል፤ በመጨረሻም በማረፊያ ነጥቡ ላይ ይቆማል።» ተማሪዎቹ ጻፉ። ብረቱን ስባ ለቀቀችው። ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ፤ ቀስ በቀስ ደከመ። ሁሉም አንገቱን አስግጎ ምስማሩን ያያል። ብረቱ ግን ምስማሩን ሁለት ጣት ያህል ወደ መስኮቱ አልፎ እዚያው ቀረ። እዚያም ቢሆን ጨርሶ አልቆመም፤ እንደበረደው ሰው ትንሽ ትንሽ ይንቀጠቀጣል።

«መጥቷል» አለ ከኋላ አንዱ በሹክሹክታ።

ወሬውን ሰምታለች። ብረቱን የሚገፋው ሟቹ ከዚያስ ነው ይላሉ። አዳራሹ ተቆልፎ ውሎ ሲከፈት ብረቱን ሲወዛወዝ ያገኙት ነበሩ፤ ያላገኙትም አገኘን ይላሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ ታልፈው ነበር። አሁን ግን ከብረቱ ሥር፣ ፊተኛው ወንበር ላይ፣ እዚሁ ክፍል የምትማረው የወንድሟ ልጅ ተቀምጣለች፤ ዓይኗን ከብረቱ ላይ አላነሣችም።

«የልኬት ስህተት ነው» አለች መምህርቷ ፈጠን ብላ። «ገጽ ግለጡ።»

ለኃላፊው ስትነግረው አፍንጫውን አብሶ ሳቀ። «ይኼማ ምን ችግር አለው? ምስማሩን ነቅሎ ከብረቱ ሥር መምታት ነው። ከዝናብ በኋላ ሁሌም እናደርገዋለን። ወንድምሽ ብቻ ነው እምቢ ብሎ ያስቸገረኝ፤ ይቀመጥ፣ ልጆቹ ይጠይቁበት እያለ።» እሷም ነገሩ ልክ መሰላት። መጽሐፉ ይቆማል ካለ፣ የሚቆምበት ቦታ ላይ ምስማር መኖር አለበት። የግቢውን አናጢ ልካ ምስማሩን አስነቀለች፤ ብረቱ በተንጠለጠለበት ትክክል አስመታችው። በማግስቱ ክፍል ስትገባ ብረቱና ምስማሩ ተገጣጥመዋል፣ መጽሐፉም እውነት ሆኗል።

የወንድሟ ልጅ አባቷ ከተቀበረ ወዲህ ከአክስቷ ጋር ነው የምትኖረው፤ እናቷን ገና በሕፃንነቷ ነበር ያጣችው። ከልቅሶው በኋላ አፏን ቆልፋ ነበር። ብዪ ሲሏት ትበላለች፣ ተኚ ሲሏት ትተኛለች፤ ከ«እሺ» ሌላ ቃል አይወጣትም። ያን ምሽት ግን ሹካዋን አስቀምጣ ቀና አለች።

«ምስማሩን አስነቅለሽዋል አክስቴ።»

ድምፅዋን ከሰማች ስንት ጊዜዋ። አክስቲቱ ወንበሯን ወደሷ ሳበች። «አዎ የኔ ልጅ። ብረቱ አላርፍበት ብሎ ነው።»

«አባዬ ስለሚገፋው ነዋ» አለች ልጅቷ፣ ውጭ ዝናብ አለ እንደሚል ሰው። «ጠዋት ጠዋት ቀደም ብዬ ሄጄ አወራዋለሁ። ሳወራው ይወዛወዛል። ምስማሩን ስታርቂበት እንዳይከፋው ብዬ ነው።»

አክስቲቱ ክው አለች። አፏን ከፍታ «የኔ ልጅ፣ የሞተ ሰው…» ብላ ጀመረችና ምላሷን ነከሰች። ልጅቷ ከስንት ጊዜ ዝምታ በኋላ አንድ ነገር ተናግራለች፤ የተናገረችውን ነጥቆ ባዶ እጇን መስደድ እንዴት ያስችላል? ደግሞስ በምን ትነጥቃት? መጽሐፉ ይቆማል ከማለት በቀር የሚለው ነገር የለም። «ብዪ» አለቻት፣ ውሃ ቀዳችላት።

ያልነገረቻት ሌላም ነገር ነበር። እሷ ራሷ አንድ ጠዋት ብቻዋን አዳራሹ ውስጥ ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ፣ ካለቀው ዓረፍተ ነገር ጫፍ ላይ ጠመኔዋን ባነሣችበት ቅጽበት፣ ከኋላኛው ወንበር «ከዚያስ?» የሚል ሰምታለች። በጆሮዋ ይሁን በልቧ አታውቅም። ዞር ስትል ወንበሮቹ ባዶ ናቸው፤ ብረቱ ግን ይወዛወዛል። መጽሐፏን ብብቷ ሥር ወትፋ ወጣች። በማግስቱ ደግሞ፣ መቼም ሰው ጉደኛ ነው፣ ያንኑ ሰዓት ጠብቃ ሄዳ ጠመኔ ይዛ ቆመች። ፈርታዋለች፤ ግን ናፍቃዋለች።

እንዲህ ሆነው ሰነበቱ። ልጅቷ ማለዳ እየሄደች ከብረቱ ጋር ታወራለች፤ ማታ ማታ ጥቂት በጥቂት መናገር ጀመረች። አንድ ቀን አክስቲቱ በሩ ላይ ቆማ ሰማቻት። «ዛሬ የሒሳብ ፈተና አለብን አባዬ። አክስቴ ወጥ ላይ ጨው ታበዛለች፤ አልነገርኳትም።» ብረቱ ወዘወዝ አለ። ልጅቷ ፈገግ አለች። አክስቲቱ ድምፅ ሳታሰማ ወደ ኋላ ተመለሰች፤ የመምህራን ማረፊያው ውስጥ ገብታ አለቀሰች። ያን ዕለት ወጡ ላይ ጨው ቀነሰች።

ዝናቡ ግን አላባራም። ቀንና ሌሊት ያለቅጥ ዘነበ፤ በኋለኛው መንገድ ላይ ያለው ቦይ ሞልቶ ውሃው የአዳራሹን ግርጌ እየላሰ ያልፋል። አንድ ከሰዓት በኋላ ስለ ሙቀት የሚያወራውን ምዕራፍ እያስጻፈች ሳለ ክፍሉ ጸጥ አለባት። ቀና ስትል ማንም አይጽፍም፤ ሁሉም ወለሉን ያያል። ብረቱ አዲሱን ምስማር ጥሎ ሄዷል። ከበፊቱ ይልቅ ርቆ፣ እንደገና ወደ መስኮቱ።

«ቲቸር» አለ ከኋላ ቀልደኛው፤ «ይኼ ደግሞ ገጽ ስንት ላይ ነው?»

ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። መጽሐፉን ዘግታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ሄዳ ከምስማሩ አጠገብ ተንበረከከች። ወለሉን በመዳፏ ጠረገችው። ወንድሟ ያቆየው ምስማር የተነቀለበት ቀዳዳ ይታያል። ከእሱ ኋላ ሌላ ቀዳዳ አለ፣ በሰም የተደፈነ። ከዚያ ኋላ ሌላ፣ ከዚያ ኋላም ሌላ፣ አቧራ የዋጠው። ከእሷ በፊት የነበሩት መምህራን ሁሉ ምስማሩን እየነቀሉ ብረቱን ሲከተሉት ኖረዋል። ቀዳዳዎቹ በክር የተሰመሩ ይመስል አንድ መስመር ይዘው ወደ መስኮቱ ይሄዳሉ።

ወንድሟን ታውቀዋለች። ከቤት ወጥቶ ዳቦ ቤት ለመድረስ እንኳ በሦስት ሰፈር የሚዞር ሰው፣ በዕድሜው በአንድ መስመር ሄዶ የማያውቅ ሰው ነው። ይኼ የእሱ እጅ አይደለም። ብዙዎቹ ቀዳዳዎች ደግሞ እሱ እዚህ ማስተማር ሳይጀምር የተቆፈሩ ናቸው። ይህን ባሰበች ጊዜ መጀመሪያ የመጣባት ፍርሃት አልነበረም፤ ንዴት ነበር። አይቶታል። ብረቱ ከምስማሩ መሸሹን እያየ፣ በየዓመቱ ተማሪዎቹን ከዚያስ እያለ ሲጠይቅበት ኖሯል። ጥያቄውን ወዶት፣ አንድ ቀን እንኳ መልሱን ሳይፈልግ፣ ልጁን ከሥሩ አስቀምጦ ሞተ። እኔስ ብላ አሰበች፣ እኔ ደግሞ ምስማሩን አስነቀልኩ።

ተነሣች። ወደ ጣሪያው ቀና አለች።

«ሽቦውን የያዘው ምንድነው?»

«አግዳሚው እንጨት» አሉ።

«እንጨቱንስ?»

አንዱ ወደ ግድግዳው ጠቆመ። ከክፍሉ ረጅሙን ልጅ መስኮቱ ደፍ ላይ አወጣችው። ከቦርሳዋ ክር አውጥታ የቤቷን ቁልፍ ጫፉ ላይ አሰረች፤ ክሩን ከላይ ከግድግዳው አራት ጣት አርቆ እንዲይዝ ነገረችው። ቁልፉ ተወዛውዞ፣ ወርዶ፣ ከታች ግድግዳውን ነካ። ልጆቹ የወንድሟ ተማሪዎች ነበሩና ማስረዳት አላስፈለጋትም፤ ግድግዳው አናቱን ወደ መንገዱ ጥሏል፣ አግዳሚውንም ይዞት እየሄደ ነው።

«ሳትሯሯጡ» አለች። «ደብተራችሁን ተዉት፤ በበሩ በኩል፣ አንድ በአንድ።»

ወጡ። ፊተኛው ወንበር ላይ አንዷ ብቻ ቀረች።

«ተነሺ የኔ ልጅ።»

«አባዬስ?»

አክስቲቱ ከብረቱ ሥር ገብታ እጇን ያዘቻት። ልጅቷ ጣቶቿን ወንበሩ ላይ ቆልፋለች። በዚያች ሰዓት ውጭ እንነጋገራለን ብላ ማታለል ይቻላት ነበር። ግን ልጅቷ ነገ ጠዋት ተመልሳ ከብረቱ ሥር እንደምትቆም ታውቃለች፤ ቁልፍ አያግዳትም፣ ማስጠንቀቂያ አያግዳትም። የሚያግዳት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አባትሽ አይደለም» አለቻት።

«ሳወራው እኮ ይወዛወዛል።»

«በጓሮ መኪና ሲያልፍ ነው የሚወዛወዘው። እንጨቱ ስለላላ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

ልጅቷ አየቻት። እንዲህ ያለ አስተያየት ሰው ለጠላቱም አይመኝ። ከዚያ ጣቶቿን ለቀቀች፤ ተነሥታ፣ ወደ ብረቱ ዞር ሳትል፣ በበሩ ወጣች።

ኃላፊው ጃንጥላውን ዘርግቶ እየሮጠ መጣ። ተማሪዎቹ ዝናብ ላይ ቆመዋል። «ግድግዳ አስተምሪ ያለሽ ማነው?» አላት። «እስቲ ንገሪኝ፣ ገጽ ስንት ላይ ነው?»

«የትም ገጽ ላይ የለም» አለችው። «ግንበኛ ይጠራ። እስኪመጣ ከዚህ በር አልነቃነቅም።»

ግንበኛው መጥቶ ጣሪያው ውስጥ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ወረደ። እጁን በሱሪው ጠረገ፣ ውሃ ስጡኝ ብሎ ጠጣ። የአግዳሚው ጫፍ ግድግዳው ላይ የቀረው በጣት ውፍረት ነው አለ። «ከንግዲህ ሰው እንዳታስገቡ። እንዴት አወቃችሁ?» ኃላፊው አፍንጫውን አበሰ። በነጋታው አዳራሹ በጣውላ ታሸገ፤ እንጨቱን በድጋፍ ካቆሙ በኋላ ሽቦውን ቆርጠው ብረቱን አወረዱት። እሷን ኃላፊው የብዙዎችን ነፍስ አዳንሽ ብሎ አመሰገናት፤ ቀጥሎም፣ ያው ሰው አይለወጥም፣ ከገጹ ግን እንዳትወጪ አላት።

ምስጋናው አልተሰማትም። ቤቱ ውስጥ ዝምታው ተመልሶ ነበር። ልጅቷ ብዪ ሲሏት ትበላለች፣ ተኚ ሲሏት ትተኛለች። ጠዋት ጠዋት ቀደም ብላ መነሣቷን ተወች። አክስቲቱ ከሌላው ክፍል ሆና እያዳመጠች፣ ወንድሜን ሁለተኛ ቀበርኩት ትላለች። መጀመሪያ ሲቀበር ሰው ሁሉ አብሯት ነበር፤ አሁን ብቻዋን ናት። ይባስ ብሎ እሷ ትሰማው የነበረው ድምፅም ጠፋ። የትም ብትቆም፣ ሳህን ስታጥብ፣ መንገድ ስትሄድ፣ ከዚያስ የሚላት የለም። ይቅር በለኝ ወንድም ጋሼ አለችው፤ እንደ ልማዱ አልመለሰላትም።

አዲሱ መማሪያ ክፍል ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ቀድሞ ዕቃ ግምጃ ቤት የነበረ ክፍል ነው። ለፈተና ሲቃረብ ክለሳ ጀመሩና የፔንዱለሙ ገጽ እንደገና ደረሰ። መጽሐፉን ከፍታ አነበበች። «…በመጨረሻም በማረፊያ ነጥቡ ላይ ይቆማል።» ተማሪዎቹ ሳያስቡት ሁሉም ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። ምንም የለም፤ አምፖል ብቻ ነው። የወንድሟ ልጅ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ፊተኛው ወንበር ላይ መቀመጥ ትታለች።

መምህርቷ ቀጣዩን መስመር ልታነብ ነበር። ጣቷንም መስመሩ ላይ አሳርፋለች። ግን መጽሐፉን አጠፈችው፣ ጠመኔውን ኪሷ ከተተች፣ እጇን አጣመረች። ማድረጓንም ልብ አላለችም።

«እሺ» አለች፤ «ከዚያስ?»

ከአፏ የወጣው ድምፅ የእሷ አልነበረም። ያ አነሣሡ፣ መጨረሻው ላይ ያ ትንሽ ሳቅ የምትመስል ነገር፣ ሁሉም ያውቁታል። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሲደነግጥ አየች፤ እሷም ከሁሉ በላይ ደነገጠች፣ አፏን በእጇ ያዘች። የወንድሟ ልጅ አንገቷን አቀናች። ጣሪያውን አላየችም። አክስቷን አየች፤ ብዙ ጊዜ የፈለገችውን ሰው ሕዝብ መሐል ድንገት እንዳገኘች ሁሉ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ አተኩራ አየቻት።

መምህርቷ እጇን ከአፏ አወረደች። እንደ ወንድሟ ጥያቄን ትታ መውጣት እንደማትችል ታውቃለች፤ መልሱ እስኪገኝ ከዚህ ክፍል አትወጣም። ጠበቀች።

ልጅቷ ቀስ ብላ እጇን አወጣች።